ስፔሻሊስት ጋ ለመድረስ ጉልበት ይጠይቃል፣ እናቴ ደግሞ ጉልበት የላትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አስተማሪ ነኝ፣ ከስድስት ዓመት ወዲህ ደግሞ የእናቴ አስታማሚ ነኝ። እናቴ 84 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከጣርማበር ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ግፊት አለባት፣ የልብ ክትትል አላት፣ ሁለቱም ጉልበቷ ያማታል፣ ግራ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ መርሳት ጀምራለች። ከአልጋዋ ተነስታ በረንዳ ላይ ፀሐይ ለመሞቅ እንኳ ሰው መደገፍ አለባት። ባለፈው ስትመዘን 41 ኪሎ ነበረች። እንዲህ ያለች እናት ወይም እንዲህ ያለ አባት በብዙዎቻችሁ ቤት አለ።

የምለው ነገር አንድ ነው። በአገራችን ስፔሻሊስት ሐኪም ጋ የሚደርሰው ሰው ረጅም መንገድ መጓዝ የሚችል፣ ወረፋ መቆም የሚችል፣ ደጋግሞ መመላለስ የሚችል ሰው ነው። ያረጀና የደከመ ሰው ይህን አይችልም። ከሁሉ በላይ ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ወይ ቤቱ ይቀራል፣ ወይ ሕክምናው ከመድረሱ በፊት መንገዱ ይጎዳዋል። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የልብ ቀጠሮዋ ደረሰ። ቀጠሮው አዲስ አበባ ባለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠራም፣ ሌሎቹም ከዚያ የተለዩ አይመስለኝም። በዋዜማው ኮንትራት መኪና ይዘን ተነሳን። ጣርማበርን ወጥተን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ጫጫን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋን አልፈን አዲስ አበባ እስክንገባ እናቴ አንድ ጉንጭ ውሃ አልጠጣችም። ስለምናት እምቢ አለች። ለካ ከዚያ በፊት በነበረው ማታም አልጠጣችም። "ሽንቴ ቢመጣ የት ልወርድ ነው? መንገድ ዳር ልታስቀምጪኝ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ጉልበቷ የማይታጠፍ አሮጊት ሴት በክብር የምትቀመጥበት ሽንት ቤት አላውቅም። በማግስቱ የደም ምርመራዋ ሲወጣ ኩላሊቷ ጥሩ አይደለም ተባለ፣ ደነገጥን። ሐኪሙ ጠይቆ ጠይቆ ሲደርስበት ውሃ አንሷት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠያይቄ እንዳወቅሁት፣ ለሕክምና ረጅም መንገድ የሚሄዱ ብዙ አሮጊቶች ይህንኑ ያደርጋሉ። ለልጆቻቸው አይናገሩም እንጂ።

ያደርነው አጎቴ ልጅ ቤት ነው። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። አሳንሰር የለውም። ወንድሜ አዝሏት ወጣ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ፣ እሷ ትከሻው ላይ ፊቷን ደፍታ ታለቅሳለች። "አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ አዘለኝ" አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ያን ቀን ማታ ራትም አልበላችም።

በማግስቱ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል ደጃፍ ነበርን። ዊልቸር ለማግኘት መታወቂያ ማስያዝ ነበረብን። ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ግፊትና ክብደት መለኪያ፣ ከዚያ ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ሌላ ሕንፃ ላይ የልብ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ተመልሶ ኮሪደር። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ መደገፊያ የለውም። 41 ኪሎ የሆነች ሴት፣ መቀመጫዋ አጥንት ብቻ የሆነ፣ ደረቅ እንጨት ላይ ስንት ሰዓት መቀመጥ ትችላለች? ነጠላዬን አጣጥፌ አነጠፍኩላት። ሐኪሙ ጋ የገባነው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጥሩ ሐኪም ነበር፣ በትሕትና "እማማ" እያለ ነው ያናገራት። ከ10 ደቂቃ በላይ ግን ሊሰጠን አልቻለም፣ ከኛ በኋላ ገና ከ30 በላይ ሰው ነበር። መድኃኒቱ ይቀጥል፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ አለን።

ቤት ስንመለስ እናቴ ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልተነሳችም። ከዚያ ጉዞ በፊት በከዘራ ግቢው በር ድረስ ትሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ በሩ ድረስ ሄዳ አታውቅም። ያን ጊዜ ያልገባኝን ነገር በኋላ አንድ ሐኪም ነገረኝ፦ ያረጀ ሰው አልጋ ላይ በተኛ ቁጥር የእግሩ ጡንቻ በቶሎ ይሟሽሻል፣ ወጣት በሳምንት የሚመልሰውን ጉልበት እሱ በወራት ላይመልሰው ይችላል። እንግዲህ አስቡት። ለ10 ደቂቃ ቀጠሮ ብለን እግሯን አጣን።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነን። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረ ነው፣ ዛሬ እኛ ድረስ ደርሷል፣ እሱ ባይኖር እናቴን እስከዛሬ ማሳከም አልችልም ነበር። መድኑ ግን የሚሸፍነው ሕክምናውን ነው። መኪናውን፣ ማደሪያውን፣ የኔንና የወንድሜን ምግብ፣ ከሥራ የቀረንበትን ቀን አይሸፍንም። ለመነጽርም አይከፍልም። ያን ጊዜ ኮንትራቱ ደርሶ መልስ 14 ሺህ ብር ፈጀብን። እናቴ ከአባቴ የወረሰችው ጡረታ የአራት ወሩ ቢጠራቀም ይህን አይሞላም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ሰው ልብ ብሎት የማያውቅ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልዘግይበት።

እናቴን የሚያያት አንድ ሐኪም ሳይሆን ብዙ ነው። ለጉልበቷ የአጥንት ሐኪም፣ ለልቧ የልብ ሐኪም፣ እዚህ ደግሞ ተረኛው ጠቅላላ ሐኪም። እያንዳንዱ የየራሱን ይጽፋል። ሌላው የጻፈውን ለማየት ጊዜ የለውም፣ አንዳንዴ ወረቀቱም የለም። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ ታዘዘላት። ሕመሙ ቀለል አላት፣ ደስ አለን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግፊቷ ከፍ አለ፣ የግፊት መድኃኒቷ፣ አምሎዲፒን፣ ተጨመረባት። ከዚያ እግሯ ማበጥ ጀመረ። እግሯ ሲያብጥ ሌላ ቦታ ወሰድናት፣ ውሃውን ለማስወጣት ላሲክስ ታዘዘላት። ላሲክሱ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ያስነሳት ጀመር። እንቅልፍ አጣች። ለእንቅልፉና ለሕመሙ ተብሎ አሚትሪፕቲሊን ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ መቀባዠር ጀመረች፣ እኔን በእህቷ ስም ትጠራኛለች፣ የሞተው አባቴ መጥቶ እንደሆነ ትጠይቃለች። እኛ እንግዲህ እርጅናው ነው አልን፣ የመርሳት በሽታው ባሰባት አልን። ኅዳር ላይ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ አዞራትና ወደቀች። ግንባሯ ተፈነከተ። አጥንቷ አለመሰበሩ የእግዜር ቸርነት ነው።

እዚህ ያለችው ወጣት ሐኪም፣ ከተመረቀች ሁለት ዓመት የማይሞላት፣ ግንባሯን ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ "የምትወስደውን መድኃኒት በሙሉ አምጪልኝ" አለችኝ። በፌስታል ይዤላት መጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ዘጠኝ ዓይነት ነው። ዝም ብላ ስታየው ቆየችና ስልኳን አንስታ አዲስ አበባ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት የሆነ አስተማሪዋ ጋ ደወለች። በራሷ ስልክ፣ በራሷ ካርድ። 20 ደቂቃ ያህል አወሩ። ግፊቷን ተኝታም ቆማም ለካችላት፣ ስትቆም በጣም ወረደ። መጀመሪያ የታዘዘው የጉልበት መድኃኒት ግፊቱን እንደሚጨምር፣ አምሎዲፒን እግር እንደሚያሳብጥ፣ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ሽማግሌን እንደሚያቀባዥር ነገረችኝ። አንዱ መድኃኒት ያመጣውን ሌላው እያከመው ነበር ማለት ነው። አራቱን አንድ በአንድ፣ ቀስ በቀስ አስቆመችልን፣ አንዱን ቀነሰችው። (ይህን የሚያነብ ሰው ተነስቶ የእናቱን መድኃኒት በራሱ እንዳያስቆም፣ በድንገት ሲቋረጡ የሚጎዱ አሉ። መድኃኒቱን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።)

በወሩ እናቴ ስሜን በትክክል ጠራችኝ። አሁንም ትረሳለች፣ መርሳቱ አለ። ግን ሌሊት አትቃዥም። እግሯም አላበጠም። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም።

ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሰን ያላገኘነውን ነገር አንድ የስልክ ጥሪ ሰጠን። ስፔሻሊስቱ እናቴን አላያትም። እናቴም አዲስ አበባ አልሄደችም። እውቀቱ ግን ደረሰላት። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ነው። ያቺ ሐኪም የደወለችው መመሪያ ስለነበራት አልነበረም፣ አስተማሪዋን ስለምታውቅና ልበ ቀና ስለሆነች ነው። የእናቴ ጤና በአንዲት ወጣት ስልክ ውስጥ ባለ ቁጥር ላይ መንጠልጠል ነበረበት? ነገ እሷ ብትቀየርስ?

"እርጅና ነው" የምትለዋን ቃል እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። በየሄድንበት ሰምቻታለሁ፣ ከጤና ባለሙያም ከዘመድም ከራሴ አፍም። ወጣት ሲቀባዥር ታመመ እንላለን፣ አሮጊት ስትቀባዥር አረጀች እንላለን። ያረጀ ሰው ሕመም ግን እንደ ወጣቱ አይታይም። የሳንባ ምች ይዞት ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። የልብ ሕመም መጥቶበት ደረቱን ላያመው፣ ድካምና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟት በሁለት ቀን ውስጥ ሰው ማወቅ የምታቆም አሮጊት አለች፣ መድኃኒቱ ሲገባላት ትመለሳለች። የእንቅርት እጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የጆሮ መደፈን ሳይቀር "ጃጀ" የሚያሰኝ ነገር ያመጣሉ፣ ሁሉም ደግሞ ይታከማሉ። ይህን ለይቶ ለማወቅ የሠለጠነ ሐኪም በሌላ አገር ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አለው፣ የአረጋውያን ሐኪም ይባላል። የሕፃናት ሐኪም እንዳለ ሁሉ ማለት ነው። እኔ በዞርኩበት ሆስፒታል ሁሉ የሕፃናት ክፍል አይቻለሁ፣ የአረጋውያን የሚል በር ግን አላየሁም።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት አሉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ጭቃ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጆቻቸው ተሰብስበው መከሩ። አዲስ አበባ ይወሰዱ የሚል ነበር፣ አይ መንገዱ ይገድላቸዋል የሚል ነበር፣ በዚያ ላይ መንገዱ በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ነበር። ወጌሻ መጣ፣ ታሰረላቸው። የዳሌ ስብራት በሁለት ቀን ውስጥ ቢሠራ ሰው ቶሎ ቆሞ መራመድ ይችላል፣ በቆየ ቁጥር ግን የሚገድለው አጥንቱ ሳይሆን መተኛቱ ነው። እሳቸው ተኝተው ጀርባቸው ቆሰለ፣ ሳንባቸው ተያዘ፣ በሦስተኛው ወር ዐረፉ። ለቅሶው ላይ ሁሉም "ጠግበው ነው የሞቱት" አለ። እኔ ግን ሲቃ ያዘኝ። እስከወደቁባት ቀን ድረስ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሴት ነበሩ። ልጆቻቸውን አልወቅስም። እኔም እናቴን አራተኛ ፎቅ ካወጣሁ በኋላ በእነሱ ቦታ ብሆን ምን እንደምወስን አላውቅም።

ይቻላል ወይ ለሚለኝ መልስ አለኝ። በዓይን ሕክምና ተችሏል። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያዊ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ ከነዚህም ግማሹ ያህል በሞራ ግርዶሽ የታወረ እንደሆነ አሳይቶ ነበር። ሞራ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነው። የዓይን ሐኪሞች ሁሉንም ሰው አዲስ አበባ ና ብለው አልጠበቁም። መሣሪያቸውን ጭነው በዘመቻ ወደየአካባቢው ይሄዳሉ፣ ለአንድ ሳምንት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሰፍረው ይሠራሉ። አጠገባችን ባለች ከተማ መጥተው በነበረ ጊዜ የሰፈራችን ሽማግሌ በልጅ ልጃቸው ተመርተው ሄዱ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳላቸው መጀመሪያ ያዩት የልጅ ልጃቸውን ፊት ነው። ያቺ ልጅ አራት ዓመት ስትመራቸው መልኳን አያውቁትም ነበር። ሲመለሱ ብቻቸውን እየሄዱ፣ እሷ ከኋላ እየተከተለቻቸው ነው የመጡት። ለዓይን የተቻለ ለልብ፣ ለአጥንት፣ ለውስጥ ደዌ ለምን አይቻልም? በወር አንድ ቀን፣ ቀኑ የታወቀ፣ ለምሳሌ የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ስፔሻሊስት ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ቢመጣ እኛ ያን ቀን እናቶቻችንን በባጃጅ እናመጣለን። ባጃጅ 10 ደቂቃ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ፣ ከዚህም የሚበልጥ። ይህች አገር ሕፃናቷን ያዳነችው ወደ ሐኪም ቤት በመጥራት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990 በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 200 ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቁጥሩ ወደ 68 ወረደ። በዚያ ውስጥ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የኛ ቀበሌዋ ልጅ በየወሩ ጎረቤት ትመጣለች፣ ነፍሰ ጡሯን ታያለች፣ ሕፃኑን ትመዝናለች፣ ተከተበ አልተከተበ ትጠይቃለች። በእናቴ ደጃፍ ታልፋለች፣ "እማማ እንዴት ነሽ" ትላለች፣ ትሄዳለች። መዝገቧ ላይ የእናቴ መሙያ ቦታ የለማ። ወድቀዋል ወይ፣ ስንት ዓይነት መድኃኒት ነው የሚወስዱት፣ ሲቆሙ ያዞራቸዋል ወይ፣ ባለፈው ወር ከነበሩበት ከስተዋል ወይ፣ ብላ ብትጠይቅ፣ ግፊት ብትለካ፣ አራት ጥያቄ ናት። መልሱን ይዛ ሄዳ ጤና ጣቢያው ቢሰማት እናቴ ኅዳር ላይ ባልወደቀች ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ስል የሚመልሱልኝ አሉ። ሐኪም የለም፣ ያለውም ለወጣቱ አልበቃም፣ ሕፃናትና እናቶች እየሞቱ ስለ 84 ዓመት አሮጊት ታወሪያለሽ ይሉኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፊት ለፊት ብሎኛል። እኔ ሕፃኑን ከአሮጊቷ ጋ ማፎካከር አልፈልግም። ግን ይህን ልጠይቀው፦ እናቴ ስትወድቅ ያ ሁሉ ሰልፍ አጠረ? አላጠረም። ይልቅ ድንገተኛ ክፍል ገባች፣ አልጋ ያዘች፣ ራጅ ተነሳች፣ ሁለት ሠራተኛ፣ እኔና ወንድሜ፣ ከሥራ ቀረን፣ የኔ 52 ተማሪዎች ሦስት ቀን አስተማሪ አጡ። አስቀድሞ የተደወለ ስልክ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ከ100 ሰው 5 ያህል ቢሆን ነው። ብዙ አይደለም። ከ120 ሚሊዮን ሕዝብ ሲሰላ ግን ሚሊዮኖች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ደግሞ ቢያንስ አንድ አስታማሚ አላቸው።

ሐኪሞቹንም አልወቅስም። በቀን ስንት ሰው እንደሚያዩ አይቻለሁ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ያነሱትን ጥያቄ ሁላችንም ሰምተናል፣ እኔ በበኩሌ ትክክል ነው ባይ ነኝ። የራሱ ኑሮ የከበደው ሐኪም ጣርማበርን ወርዶ ይምጣልኝ ስል አበሉና መኪናው ተመድቦለት ማለቴ ነው። ለስልክ ምክሩም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርለት። ያቺ ወጣት ሐኪማችን የደወለችለት ሰው እሑድ ቀን ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው ያን 20 ደቂቃ የሰጠን።

ሕጉም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እርዳታ እንደሚያደርግ ተጽፏል። ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር የሚባልም ነበር። በየዓመቱ መስከረም 21 የአረጋውያን ቀን ይከበራል፣ ሽማግሌዎች ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። "አቅም በፈቀደ መጠን" የሚለውን እቀበላለሁ፣ አገሪቱ ደሃ ናት። ግን ስልክ መደወል ከአቅም በላይ ነው? አንድ ታማሚ ሦስት ቀጠሮ ካለው ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ አድርጎ መስጠት ከአቅም በላይ ነው? ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ ቅድሚያ ይስተናገዱ ብሎ ወረቀት መለጠፍስ?

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለብዙ ክትትል ታማሚው በአካል መቅረብ አያስፈልገውም። የግፊቷን ቁጥር በደብተር እጽፋለሁ፣ ጠዋትና ማታ። የደም ምርመራው እዚሁ ይሠራል። ክብደቷን እዚሁ እንመዝናለን። ወረቀቱን ይዤ እኔ ብሄድ፣ ወይም ሐኪማችን በቴሌግራም ብትልከው፣ ሐኪሙ ዐይቶ ይቀጥል ወይም ይቀየር ማለት ይችላል። ባለፈው ሚያዝያ ይህን ሞክሬ ነበር። እሷን ቤት ትቼ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "ታማሚዋ የታለች?" አለችኝ። አስረዳኋት። "ታማሚ ካልቀረበ ካርድ አይወጣም" አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፣ የታዘዘችውን ነው የነገረችኝ። 190 ኪሎ ሜትር ሄጄ በመስኮት ተመለስኩ።

እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ገንዘብ ትልካለች፣ እግዜር ይስጣት፣ ከግሉ ስፔሻሊስት ጋ ሂዱ ትለናለች። የግሉም ያለው አዲስ አበባ ነው። ችግራችን ገንዘቡ ብቻ አይደለም አልኳት፣ መንገዱ ነው። እሷ የምትንከባከባቸው አሜሪካዊት አሮጊት ሐኪማቸው በስልክ ስክሪን ላይ እንደሚያናግራቸው ነገረችኝ። እኛ ቤት ስክሪን ባይኖር የወንድሜ ስልክ አለ፣ ኔትወርኩም በደህና ቀን ይሠራል። ሐኪሙ ሊያናግራት ቢፈልግ እናቴ ፀጉሯን ሸፍና፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ትጠብቀዋለች። እሷ ለሐኪም ትልቅ ክብር አላት።

ጤና ሚኒስቴርም ሆነ የክልሉ ጤና ቢሮ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ካላቸው የምጠይቃቸው በጣም ትንሽ ነገር ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሐኪም በይፋ የሚደውልበት የስፔሻሊስት ስልክ ቁጥር፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ። የሚመጡበት ቀን የታወቀ ስፔሻሊስት። ለክትትል ብቻ ሲሆን ደግሞ አስታማሚ ደብተር ይዞ ቢቀርብ ካርድ እንዲወጣለት የምትፈቅድ አንዲት አንቀጽ መመሪያ።

የእናቴ ቀጣዩ የልብ ቀጠሮ ጥር 19 ነው። ዘንድሮ አልወስዳትም፣ ወንድሜም አያዝላትም። የሦስት ወር ግፊቷን የጻፍኩበትን ደብተር፣ የደም ምርመራዋን፣ ሐኪማችን የጻፈችልኝን ደብዳቤ ይዤ ብቻዬን ያቺ መስኮት ጋ እቆማለሁ። የሆነውን እጽፍላችኋለሁ።

አንዲት አስታማሚ
ከሰሜን ሸዋ